መርዶ በቴሌግራም ሲመጣ ቲዎሪሽ የቱ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ፒያሳ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ፤ እሱም ኮሙኒኬሽን ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ የሰፈራችንን እድር መረጥኩ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ አሁን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። እናቴ እድርተኛ ስለሆነች ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ አንዱ መምህር 'መላምትሽ የት አለ? መጠይቁንስ ለስንት ሰው ነው የምትበትኚው?' አሉኝ። አንዷ መምህርት ደግሞ 'ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ካልጠየቅሽ ይሄ ወሬ ነው' አሉ። ከዚያ እኔን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ። አማካሪዬ ስንወጣ 'አንዱን ምረጪና ጨርሺ' ብሎኝ ሄደ። ሕግ የሚማር ጓደኛዬ ሲሰማ ሳቀብኝ። 'ድሮስ ኮሙኒኬሽን የራሱ ምን አለው? ከየቦታው የተለቃቀመ ነው' አለኝ። ርዕስ ልቀይር? ለመሆኑ የምማረው ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ»

ውድ ግራ የገባሽ፣

ርዕስሽን አትቀይሪ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

መምህራኑ በአንቺ ምክንያት የተጣሉ መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ጠቡ እነሱም ሳይወለዱ የተጀመረ ነው። አንቺ በመሃል ስታልፊ ተገኘሽ እንጂ። ከየት እንደመጣ ካወቅሽ በሚቀጥለው ጊዜ ስታቀርቢ ጉልበትሽ አይብረከረክም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእኛን ሳነሳ ዓ.ም. እላለሁ።)

በፊት ግን አንድ ያየሁትን ልንገርሽ።

ባለፈው ክረምት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ እየወረድኩ ነው። ማለዳ ነው፤ ይዘንባል። ከጎኔ የሰፈራችን ልጅ ተቀምጧል፤ ወደ ሥራ እየሄደ። ስልኬ ጮኸ። የእሱም ጮኸ። እኩል ነው የጮኹት፤ ሁለታችንም የእድሩ ግሩፕ ውስጥ ነን። እሱ ቀድሞ ከፈተው። «የእድራችን አባል አቶ እገሌ ስላረፉ፣ ቀብር ዛሬ 9 ሰዓት...» ይላል። አቶ እገሌ አባቱ ናቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር፤ ሌሊቱን ያስታመማቸው ወንድሙ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ እንዴት እናርዳው እያለ ሲመክር፣ የእድሩ ጸሐፊ ሥራውን በትጋት ሠርቷል። ልጁ አልጮኸም። ስልኩን ኪሱ ከተተና «ወራጅ አለ» አለው ወያላውን፣ በጣም በትሕትና። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ወረደ። ዝናቡ ላይ ዝም ብሎ ቆመ። ተከትዬው ወረድኩ፤ የምለው ግን አልነበረኝም።

አሁን ይህን ጉዳይ በመጀመሪያ ለክሎድ ሻነን እናቅርብለት። ሻነን ቤል ላብስ በሚባል የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። በ1948 የኮሙኒኬሽንን የሂሳብ ቲዎሪ አሳተመ። ጭንቀቱ ሽቦ ነው፤ የላክሁት ነገር ጫጫታውን አልፎ ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል? የመልእክቱ ትርጉም ለምሕንድስናው ጉዳይ እንደማያገባው ጽሑፉ መግቢያ ላይ ራሱ ተናግሯል። በእሱ ሚዛን የዚያ ቀን ጠዋቱ መልእክት እንከን የለውም። አንድ ፊደል አልጠፋም። መቶ ስልክ ላይ በአንዴ ደረሰ። ጫጫታ ዜሮ።

ጥፋቱ የሻነን አይደለም፤ ሰውየው ድንበሩን አጥሮ ነው የሠራው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ዋረን ዊቨር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ጨመረበትና አብረው በመጽሐፍ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያ ከላኪ ወደ ተቀባይ የሚሄድ የሳጥንና የቀስት ሥዕል ያልገባበት የኮሙኒኬሽን መማሪያ የለም ማለት ይቻላል። አንቺም ስለሽዋል፤ እኔም ስያለሁ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ «መልእክቱ ተላልፏል» ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ፣ የሚጽፈው ሰው ሳያውቀው የዚህ ሥዕል ደቀ መዝሙር ነው።

በዚያው በ1948 ሃሮልድ ላስዌል አምስት ጥያቄ ደረደረ። ማን? ምን አለ? በምን በኩል? ለማን? ምን ውጤት አመጣ? እስቲ ልብ ብለሽ እይው። «መቼ» የለበትም። መርዶ ደግሞ ከነሥሩ የ«መቼ» ጉዳይ ነው። እናትሽን ጠይቂያቸው። መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። ለብቻው ለሆነ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይቀድማል፤ ወዳጅ ከኋላ ይከተላል። በሩ ሲንኳኳ ገና ማንም ቃል ሳይተነፍስ ሰውየው ያውቃል። ለነገሩ ሪቻርድ ብራዶክ የተባለ አሜሪካዊ በ1958 በላስዌል ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሯል፤ በምን ሁኔታ? ለምን ዓላማ? ስለዚህ ፕሮፖዛልሽ ላይ «ይህን ማንም አላየውም» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያስገምትሻል። ግን የእናትሽ መልስ ከብራዶክ ይሰፋል።

ወደ መጀመሪያው መምህርሽ ልምጣ፤ መላምት ወዳሉሽ። አትናቂያቸው። ከኋላቸው ፖል ላዛርስፌልድ አለ። ከቪየና አሜሪካ የተሻገረ ምሁር ነው። በ1940ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ በሚባል ወረዳ 600 ሰው ይዞ በየወሩ እየተመላለሰ ጠየቀ። ሬዲዮና ጋዜጣ ድምፅ ያስቀይራሉ ብሎ ነበር የጠበቀው። ሐሳቡን የቀየረው ግን ጥቂት ነው። ሰው ከሬዲዮው ይልቅ የሚያምነውን ጎረቤቱን ነበር የሚሰማው። ሐሳብ ከመገናኛ ብዙኃን ወደ ጥቂት ተሰሚ ሰዎች፣ ከእነሱ ወደ ሌላው ይሄዳል የሚለው የ«ሁለት እርከን» ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን እድርሽ ላይ አድርጊው። ግሩፑ ላይ ሞት ሲለጠፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጎረቤት ጋ መደወል። «እውነት ነው እንዴ?» ማለት። የሚደወልላት ሴትዮ ማን ናት? ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት አንድ አለች። እሷን ያገኘሽ ቀን መምህሩ ይወዱሻል።

መምህርቷም የት እንደሚቆሙ ልንገርሽ። በ1938 ቴዎዶር አዶርኖ የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ ገባ። ሥራ የሰጠው ይኸው ላዛርስፌልድ ነው፤ በሬዲዮ ጥናቱ ውስጥ የሙዚቃውን ክፍል። ባህልን እንዲለካ ተጠየቀ። አዶርኖ ግራ ገባው፤ ልክ እንዳንቺ። ባህል ማለት ምናልባት መለካትን የማይቀበል ነገር ይሆናል ብሎ እንዳሰበ በኋላ ጽፏል። እሱ መጠየቅ የፈለገው ስንት ሰው ሰማ የሚለውን ሳይሆን፣ ይህን ሙዚቃ ማን ምን ፈልጎ እንደሚያቀርበው ነበር። ብዙም ሳይቆይ መንገዳቸው ተለያየ። ላዛርስፌልድ ግን ጨዋ ሰው ነበር። በ1941 ሁለቱን የጥናት ዓይነቶች ጎን ለጎን አቁሞ ጻፈ። አንዱ ለሬዲዮ ጣቢያም ለመንግሥትም የሚያገለግል «አስተዳደራዊ»፤ ሌላው ሥርዓቱን ራሱን የሚጠይቅ «ሂሳዊ»።

አየሽ? ያን ቀን በፊትሽ የተነሳው ጭቅጭቅ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። የፕሮፖዛልሽ ጥፋት አይደለም።

እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ? እውነቱን ለመናገር ለእድርሽ የሚበጀው ሦስተኛ ሰው ይመስለኛል። አሜሪካዊው የኮሙኒኬሽን ምሁር ጄምስ ኬሪ በ1975 እንዲህ ብሎ ከፈለው። አንዱ አመለካከት ኮሙኒኬሽንን እንደ ማጓጓዝ ያያል፤ መልእክት ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል። ሌላው እንደ ሥርዓተ አምልኮ ያያል፤ ሰዎች ተሰብስበው የጋራ ዓለማቸውን የሚሠሩበት፣ የሚጠብቁበት፣ ሲሰበር የሚጠግኑበት። ጋዜጣ ማንበብ ወሬ ከመቃረም ይልቅ ቅዳሴ እንደማስቀደስ ነው ብሏል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አዲስ ነገር ልስማ ብሎ አይሄድም። የሚባለውን ያውቀዋል። የሚሄደው እዚያ ለመሆን ነው።

ለቅሶ ቤትን አስቢ። ድንኳን ውስጥ ገብተሽ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለሽ ትቀመጫለሽ። ምን መረጃ አስተላለፍሽ? ምንም። ሻነን ራሱ እንዲህ ይልሻል፤ አስቀድሞ የሚታወቅ መልእክት መረጃ የለውም፣ መረጃ የሚለካው ባልተጠበቀው ነገር መጠን ነው። ግሩፑ ላይ ሰማንያኛዋ «ነፍስ ይማር» በሻነን ሚዛን ባዶ ናት ማለት ይቻላል። ግን እስቲ ሳትጽፊ ቅሪ! ሟች ቤት ማን እንደጻፈ ማን እንዳልጻፈ ይቆጠራል። በሽቦው ሂሳብ ዜሮ የሆነ ነገር፣ በሰፈሩ ሂሳብ ዕዳ ይሆናል። የጥናትሽ ልብ እዚች ላይ ነው።

ደግሞ ቋንቋችን ያግዝሻል። ሰው ሲሞትበትና ሲነገረው «ተረዳ» እንላለን። ነገር ሲገባውም «ተረዳ» እንላለን። ያ ልጅ ታክሲው ውስጥ መልእክቱ ደርሶታል። ተረድቷል ለማለት ግን አልደፍርም። ቴሲስሽን በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፤ ይህችን ቃል ግን ሳትተረጉሚ አስገቢያት፣ በአንድ አንቀጽም አብራሪያት። «ተግባቦት» የሚለውንም እይው። መግባባት ቃሉ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ሳይግባቡ መነጋገር በእኛ ስም አልወጣለትም ማለት ነው። «መገናኛ»ም አለ። እሱን ግን ጮክ ብለሽ እንዳትናገሪው፤ ታክሲ ይቆምልሻል።

አንድ ወጥመድ ላሳይሽ። «ከባህላዊ ወደ ዘመናዊ» የሚል ሐረግ ረቂቅሽ ውስጥ ካለ ሰርዢው። እንዳለ እገምታለሁ፤ የሁላችንም ረቂቅ ውስጥ አለ። ይህ ከዳንኤል ለርነር የ1958 መጽሐፍ የወረደ አስተሳሰብ ነው፤ መገናኛ ብዙኃን ሲገባ ኋላ ቀሩ ሰው ዘመናዊ ይሆናል ይላል። በዚያ መነጽር ጡሩምባው ኋላ ቀር፣ ቴሌግራሙ ሥልጣኔ ነው። ጥናቱ ሳይጀመር አለቀ። ኤቨረት ሮጀርስም በ1962 አዳዲስ ነገሮች እንዴት እንደሚሰራጩ ጽፎ ስሙን የተከለው በዚሁ ሰሞን ነው። በ1976 ግን ያ ገዥ አስተሳሰብ ማለፉን ራሱ ጻፈ። እንዲህ የሚያደርግ ምሁር ብዙ የለም። በ2018 ደግሞ አራት ተመራማሪዎች የዘርፉን መጽሔቶች ፈትሸው፣ የሚጻፈውም የሚጠቀሰውም በአብዛኛው ነጭ ምሁር መሆኑን አሳዩ። አንቺ ስለ አራት ኪሎ እድር ስትጽፊ እዚህም ክርክር ውስጥ እየገባሽ ነው። ግን «አፍሪካዊ ቲዎሪ» የሚል ታርጋ ለመለጠፍ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጡሩምባውን በደንብ ግለጪው።

ለሕግ ተማሪው ጓደኛሽ የሚሆን መልስም አለኝ። የለቃቅሞሹ ነገር እውነት ነው፤ አንክደውም። ላዛርስፌልድ ሶሺዮሎጂ፣ ላስዌል ፖለቲካ፣ ሻነን ሂሳብ። በ1959 በርናርድ በረልሰን፣ እሱም የመስኩ የራሱ ሰው፣ መስኩ እየጠወለገ ነው ብሎ ጻፈ። ዊልበር ሽራም እዚያው እትም ላይ መለሰለት። ከ60 ዓመት በኋላ ጠወለገ የተባለው ነገር አንቺን ማታ ማታ ክፍል አስቀምጦሻል። በ1983 ደግሞ የኮሙኒኬሽን ጆርናል ሙሉ ልዩ እትም አወጣበት። ርዕሱን ወደ እኛ ባመጣው «በመስኩ ውስጥ ያለ ቡካት» ይሆናል፤ እንደ ሊጥ። ሊጥ ሲቦካ ሽታው ደስ እንደማይል ታውቂያለሽ።

ከዚያ በ1999 ሮበርት ክሬግ መጣ። አንድ የጋራ ቲዎሪ እንደሌለን በግልጽ አመነ። ሰባት ወግ ቆጠረ፤ ከጥንቱ የንግግር ጥበብ እስከ ሳይበርኔቲክስ (መረጃና ቁጥጥር በሥርዓቶች ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠናው)፣ ከማኅበራዊ ሥነ ልቡና እስከ ሂሳዊው። ችግሩ መብዛታቸው ሳይሆን አለመነጋገራቸው ነው አለ። ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያነሳውን ጥያቄ፣ «ለምን አልተግባባንም?» የሚለውን፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይመልሳል፤ ስለዚህ ጥያቄው አንድ ገበታ ላይ ሊያከራክራቸው ይችላል። ደስ ይላል። ግን በ2001 ዴቪድ ማየርስ ተነስቶ፣ ሁሉም ገበታው ላይ ከተቀመጠ ማን ትክክል ማን ስህተት እንደሆነ በምን እንለያለን ብሎ ሞገተው። እኔ ክሬግን እወደዋለሁ፤ የማየርስ ጥያቄ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ጓደኛሽ ይህን ሁሉ ለመስማት ትዕግሥት ካጣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ማን አረቀቀው? ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። መለቃቀም ነውር ከሆነ እንግዲህ እሱም ይፈር።

አሁን ወደ ሥራው። አማካሪሽ «አንዱን ምረጪ» ያለሽ ክፋት የለውም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። መጀመሪያ ጥያቄሽን በአማርኛ፣ ለእናትሽ በሚገባ ቋንቋ ጻፊው። ለምሳሌ፣ «ሞት በጡሩምባ ሲነገርና በቴሌግራም ሲነገር ሰፈርተኛው የሚያደርገው ምን ተለወጠ?» እናትሽ ሰምተው ወዲያው መልስ መስጠት ከጀመሩ ጥያቄው ደህና ነው። ከዚያ ኬሪን ዋና ምርኩዝሽ አድርጊው። ምክንያትሽን በአንድ ገጽ ጻፊ፤ በላዛርስፌልድ ብሄድ ምን አይ ነበር፣ በሂሳዊው ብሄድ ምን፣ ኬሪን በመምረጤ ደግሞ ምን ያመልጠኛል። የሚያመልጥሽን አትደብቂው። ፈታኝ የሚቆጣው ስትደብቂ ነው።

ቁጥር ለሚወዱት መምህር መጠይቅ መበተን የለብሽም። እድሩ ራሱ ቁጥር አለው! ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቴሌግራሙ ከመምጣቱ በፊትና በኋላ ስንት ሰው እንደቀረ እዚያ ላይ ቁጠሪ። ብቻ ተጠንቀቂ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ቤት ሲፈርስ ስንቱ ሰፈርተኛ ወደ ሌላ ቦታ እንደሄደ ታውቂያለሽ። ሰው ቀብር የሚቀረው በቴሌግራሙ ምክንያት ይሁን ቤቱ ሩቅ ስለሆነ፣ መዝገቡ አይነግርሽም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ የተበተነውን እድርተኛ እስካሁን ያያያዘው ግሩፑ ቢሆንስ? መዝገብና ሰው አብረሽ ያዢ።

ለመምህርቷ ደግሞ ሦስት ነገር አጣሪ። ግሩፑን የሚያስተዳድረው ማን ነው? ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች በማን በኩል ይሰማሉ? ጡሩምባ ነፊውስ የት ገባ? የመጨረሻው ላይ አጥብቂ። ያ ሰው ሌሊት ተነስቶ በየቅያሱ ሲዞር የሚነፋበትን ቦታ ይመርጥ ነበር። የእኛ ሰፈሩ ነፊ ሟች ቤት በር ላይ ደርሶ አይነፋም ነበር፤ ሁለት በር ዘሎ ነው የሚቀጥለው። ማንም አላዘዘውም። ቴሌግራሙ በር አይዘልም።

በዚህ ሳምንት ከሦስቱም በፊት የእድሩን ጸሐፊ አግኚያቸው። የቅጣት መዝገቡን ለውጭ ሰው ማሳየት ብዙ ጊዜ አይወዱም፤ ሰው የማያሳውቀው ጉድ አለበት። ለብቻሽ አትሂጂ። እናትሽን አስቀድሚ፤ እሳቸው ይናገሩልሽ፤ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ደብተርሽን ያዢ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል።